ለወግ ያልነው እንቢታ

ባለቤቴ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ የገንዘብ አማካሪ ነበር። ደንበኞቹ አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ሲሆኑ፣ ፎርሙን ሁሉ ራሱ ስለሚሞላ እሁድ እንኳ አያርፍም ነበር። አንድ ክረምት፣ እንደሱ ያሉ አማካሪዎችን በሽርክና እያሰባሰበ የሚያድግ ድርጅት ቤታችን ድረስ ሰው ላከ። ፈረንጁ "ደንበኞችህ ያንተው ናቸው፤ የወረቀቱን ሥራ ግን እኛ እንሸከምልሃለን" አለው። ባለቤቴ ይህን ሲመኝ ነው የኖረው። ግን ገና ሲጠይቁት እሺ ማለት ስስት መስሎ ታየውና "አይ፣ እኔ ትንሽ ሰው ነኝ፣ ይቅርብኝ" አለ። እስኪለምነው እየጠበቀ ነበር። ሰውዬው ግን "ውሳኔህን አከብራለሁ" ብሎ ጨበጠውና ወጣ።

"ምን ዓይነት ሰው ነው? አንዴ እንኳ አይለምንም?" አለኝ ባለቤቴ ደንግጦ።

"ፈረንጅ እኮ ነው! ሂድና ጥራው።"

"እኔ ልለማመጠው? ከፈለገኝ ይመለሳል።"

"በቃ፣ እኔ ልጥራልህ።"

"ተይ፣ አታዋርጂኝ!"

ተውኩት። ሰውዬው አልተመለሰም። ባለቤቴም እስኪታመም ድረስ ብቻውን ሠራ፤ ሐኪም እረፍት ሲያዘው እንኳ "ሰዎቼን ማን ያይልኛል?" እያለ ከአልጋ ይነሳ ነበር። አሁን እሱ ከሞተ ወዲህ ያ ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ሰውዬው የመኪናው መስታወት ላይ የጋገረውን በረዶ ለመፋቅ ደጃችን ላይ ብዙ ቆይቶ ነበር። ካፖርቴን ደርቤ፣ ጫማዬን አስሬ እደርስበት ነበር። እኔ ግን መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ እስኪሄድ አየሁት።