በበረራ ላይ ስለሞተችው ስለ ድንቅቱ ፊራኦል የተሰጠ ቃል

የምስክር ሙሉ ስም፦ ሮዛ ኤጄታ ኦሊቃ
ዕድሜ፦ 26
ሥራ፦ የበረራ አስተናጋጅ
አድራሻ፦ አምቦ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃል የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል የተሰጠበት ቋንቋ፦ አማርኛ፣ በምስክሯ ምርጫ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ የሟች እናት ባቀረቡት አቤቱታ ተጠርቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከአራት ዓመት ወዲህ በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር፣ በርካሽ ቲኬት በሚታወቅ አየር መንገድ እሠራለሁ። በእኛ አውሮፕላን ነፃ ነገር የለም። ውሃም ይሸጣል። ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ምን ይገርማል? አምቦ መናኸሪያም ውሃ በነፃ የሚያድል የለም።

ሟች ድንቅቱን አላውቃትም ብዬ ለመሥሪያ ቤቴ በጽሑፍ የሰጠሁት ቃል ውሸት ነው። ከጎኗ የነበረ ተሳፋሪ በስልኩ የቀረጸውን ከፍታችሁ ስላሰማችሁኝ አሁን መካድ አልችልም። አባቴ ኦቦ ኤጄታ ሴት ልጆችን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ ነው። የደንብ ልብሴን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ በስልኩ ይዞ በጊንጪና በአምቦ ገበያ ለልጃገረዶች ያሳያል፤ «እንደ ሮዛ ትበርራላችሁ» ይላቸዋል። ፎቶውን የላክሁለት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደፈለገውም አውቅ ነበር። ፎቶ መላክ ወንጀል ነው እንዴ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። መስከረም 2014 ዓ.ም. ድንቅቱን አጠገቡ አስቀምጦ በቪዲዮ ሲደውልልኝ «አይዞሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለት ወር ሰው ቤት ትሠሪያለሽ፣ ከዚያ እኛ ጋ ትገቢያለሽ» አልኳት። ደስ ብሏት ሳቀች።

ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ስንበርር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ 19ኛው ረድፍ ላይ አየኋት። አሠሪዎቿ አባረዋት ነበር የምትመለሰው። ፊቷ ገርጥቷል፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። የሽያጭ ጋሪዬን እየገፋሁ ስደርስ «ቢሻን» አለችኝ፤ ውሃ ማለት ነው። ገንዘብ አልነበራትም። ቀና ብላ አየችኝና በኦሮምኛ «የኦቦ ኤጄታ ልጅ! ሮዛ!» ብላ ጮኸች። ዓይኔን በጨው አጥቤ በእንግሊዝኛ «ምን እንደምትይ አልገባኝም» አልኳትና አለፍኩ። ደግሞ እኮ ተናደድኩባት! ባልደረቦቼ ፊት በስሜ ትጥራኝ? አፈርኩባት ብል ይሻላል።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፊሊፒናዊቷ የበረራ ኃላፊያችን መጥታ «ያገርሽ ልጅ ናት፣ ምን እንደሚያማት ጠይቂልኝ፤ ለአብራሪው ልንገረው?» አለችኝ። ድንቅቱ አሠሪዋ ሆዷን እንደረገጣት፣ ሦስት ቀን ደም እንደፈሰሳት፣ ሐኪም እንዲፈለግላት ደጋግማ እየተናገረች ነበር። እያንዳንዱ ቃል ይገባኛል፤ ያደግሁበት ቋንቋ ነው። እኔ ግን «በአገራችን ከሰማንያ በላይ ቋንቋ አለ፣ የእሷን አላውቀውም፤ ከፍታው አዙሯት ይሆናል» አልኩ። ብተረጉምላት የአባቴ ስም ይወጣል፣ የእኔም የእንጀራ ገመድ ይበጠሳል ብዬ ነው። ኃላፊዋ አመነችኝ። ብርድ ልብስም በእኛ ዘንድ የሚሸጥ ስለሆነ አላለበስናትም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ለማረፍ የተሳፋሪዎችን ቀበቶ ስፈትሽ፣ ሞታ አገኘኋት። የእሷ ቀበቶ ታስሮ ነበር።

የዚያን ዕለት ለአባቴ ደውዬ የሆነውን ስነግረው «እንኳን ዝም አልሽ፣ ጎበዝ ልጅ» አለኝ። በቀብሩ ማግስት ከአባቴ ጋር ጊንጪ እናቷ ቤት ለቅሶ ደረስን፤ በበረራው ላይ እንደነበርኩ እሱ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ያኔ በስልክ የተቀረጸው ገና አልወጣም። እናቷ ወይዘሮ ኤቢሴ አንገቴን አቅፈው «እንኳን አንቺ አብረሻት ነበርሽ! ልጄ በባዕድ እጅ አልሞተችም። ምን አለች? ንገሪኝ እስቲ» አሉኝ። «እንቅልፍ ወስዷት ነው፣ ምንም አላለች» አልኳቸው። ግንባሬን ስመው መረቁኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት የፈለግሁት ቶሎ መሄድ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ኤቢሴ ግን የድንቅቱን ታናሽ እህት ጣቢታን ከጓዳ ጠርተው አባቴን «ባሌም አልጋ ላይ ነው፣ ቤቴን የምታቆምልኝ ይቺ ብቻ ቀርታኛለች። ሮዛ እዚያ ካለችላት አልፈራም፤ ይላኩልኝ» አሉት። አባቴ ወዲያው «ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አሥራ ዘጠኝ አሉት። እሱም ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ልጅቱ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ፊቴ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔም ከእግሯ እስከ ራሷ አየኋትና «ለበረራ አስተናጋጅነት ቁመቷ ይበቃል» አልኩ።

ከዚህ በላይ የተጻፈውን የተናገርኩት በማንም ግፊት ሳይሆን በገዛ አንደበቴ ነው። ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ፤ የሚሰረዝ ቃል የለውም፤ እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሮዛ ኤጄታ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ቦንሳ ጂራ (ተፈርሟል)