ከጥንቱ መንደር የወጣው ጋን

ከሸኮ በላይ፣ ከቡና ማሳዬ ጀርባ፣ የጥንት ሰዎች ጥለውት የሄዱት መንደር አለ። የቀረው የድንጋይ አጥርና የቤት መሠረት ነው፤ ሰው ስለሚፈራው ማንም ዝር አይልበትም። እኔ ግን አንዴ ሄጃለሁ። ባለቤቴ አስቴር ለደቦ የጠመቀችውን ቦርዴ ብቻዬን ስቀምስ፣ ስቀምስ፣ ዝሆን የሚያጠግበውን ጋን ጥዬ ሰበርኩት። ስብርባሪውን እዚያ ቀብሬ፣ "ዝንጀሮ ነው የሰበረው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ዝንጀሮ ባየች ቁጥር ድንጋይ ትወረውራለች። የሸኮ ዝንጀሮ በሙሉ በእኔ ኃጢአት አነከሰ።

በቀደም ቅርስ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ፍርስራሹን ሲቆፍሩ፣ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ። አንዷ ባለሙያ ከአፈሩ ያገኘችውን ገል በብሩሽ እየጠረገች፣ "ይሄ ጥንታዊ ሳይሆን አይቀርም፤ ምናልባት የመንደሩን ያህል ዕድሜ አለው" አለች።

"እንዲያውም ይበልጣል" አልኩ እኔ፣ ከሁሉም ቀድሜ።

ቀጥላ የጋኑን አንገት አወጣች። አስቴር ስንጥቁን ያሰረችበት ሰማያዊ የማዳበሪያ ጆንያ ክር ከነቋጠሮው ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል። የባለሙያዋ ብሩሽ ቆመ። አስቴር ጎንበስ ብላ ቋጠሮዋን በጣቷ ነካችው።

"የኔ ልጅ፣" አለቻት፣ "እዚህ የኖረውን የጥንት ሰውዬ አፅም አግኝታችኋል?"

"እስካሁን አላገኘንም፣ እማማ።"

"እንግዲያው ጉድጓዱን እንዳትደፍኑት፤ በእግሩ መጥቶላችኋል" ብላ ወደ እኔ ዞረች።

አሁን ዝንጀሮዎቹ በሰላም ይውላሉ። የማነክሰው እኔ ነኝ።