ፓካ የተባለው ውሻ

ወደ ማንያታ ሰፈር በሚሄደው ማታቱ፣ በዚያ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች፣ ድመቷን በቅርጫት ይዛ አዲስ ቤት ልትገባ የምትሄድ ሴት ከአከራይዋ ጋር ታወራለች።

«ጋሼ፣ በስልክ ‹ግቢው ውስጥ ፓካ አለ› ያሉኝ ድመት ማለትዎ ነው አይደል? በስዋሂሊው?»

«አይ፣ ፓካ የውሻችን ስም ነው። ድመት ስላሳደገችው ነው።»

«በስመአብ! ውሻ? ወራጅ አለ! ውሻ ደግሞ ይታመናል? ለማንም ጭራውን ይቆላል። ድመት እኮ መርጣ ነው የምትወድ።»

«ኧረ የኔ እመቤት፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል!»

«ሌባ ቢያበላውስ?»

«የኛስ ጭራሽ አይጮኽም። ድመት ስትቆጣው አልጋ ሥር ነው የሚገባው።»

«እውነት?»

«በእመቤቴ!»

«እንግዲያው አልወርድም። ሌባ ሲመጣ ውሻዎን ድመቴ ትጠብቀዋለች።»

እኔም ሳቄን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ለዚያ ምስኪን ውሻ በልቤ ጸለይኩለት።