ነብሩና አምስቱ ሞካሪዎች

በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከአርብ ገበያ የተነሳ አውቶቡስ ጎማው መንገድ ላይ ፈነዳና ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ከአንድ ዋርካ ሥር የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንደኛው በቤተ ልሔም ደብር ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ሁለተኛው ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀው አስቻለው ነው። አስቻለው ሁለት ዓመት የደከመበትን ጌም ከሦስት ሳምንት በኋላ ባሕር ዳር ለውድድር ሊያቀርብ ነው፤ ነገር ግን እንዲሞክሩለት የሰጣቸው አምስት ባልንጀሮቹ በመጀመሪያው ቀን ጨዋታውን ትተውታል።

ላፕቶፑን ሲከፍት የኔታ አዩና፣ «ይህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉት።

«ጌም ነው የኔታ። ሰውዬው መንገደኛ ነው፤ ደጋም ቆላም ወደ ፈለገበት ይሄዳል። አውሬና ሽፍታ ይገጥመዋል፤ እየተዋጋ ይበረታል።»

«እስቲ ልሞክረው።»

አስቻለው ቁልፎቹን አሳያቸው። ጥቂት እንደ ሄዱ ነብር ከቋጥኝ ዘሎ ገደላቸው። ሦስት ጊዜ ጀመሩ፤ ሦስቴም ሞቱ።

«መሞቴስ ይሁን፤ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም፤ ነብሩ ኃይለኛ ነው። እኔ ለሰነፍ አልሠራሁም የኔታ። ያለ ድካም የተገኘ ድል ጣዕም የለውም።»

«ድካሙን መች ጠላሁ? ተማሪዬ ቅኔን በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ ብዙ ይለፋል። ሲስት ግን የት ላይ እንደ ሳተ እነግረዋለሁ። ካልነገርሁት አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ይሄዳል።»

አስቻለው ቅር አለው። «እንግዲያው ተጫዋቹ ባደገ ቁጥር ጠላቱም እኩል ይደግ? እንዲያ የሚሠሩ አሉ።»

«ትናንት እሱን ያባረረውን ነብር ዛሬ ካልረታ መበርታቱን በምን ያውቃል? ነብሩ በነብርነቱ ይኑር። ግን ከመዝለሉ በፊት ያድባ፣ ጅራቱን ይወዝውዝ። ዋሻው ደጃፍ ላይም አጥንት ይታይ። አይቶ የገባ ቢሞት በራሱ ይፈርዳል፤ አቅሙ ያልደረሰም በሌላ መንገድ ዞሮ፣ በርትቶ ይመለሳል።»

«ምልክት ከሰጠሁትማ ፍርሃቱ ይጠፋል።»

«ገደል አፋፉ ይታያል፤ ስለታየ ማን ናቀው?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አስቻለው ባልንጀሮቹን ሰነፎች ይላቸው ነበር። አሁን ግን አንዳቸውንም «የት ላይ ተቸገርህ?» ብሎ እንዳልጠየቀ ትዝ አለውና አፈረ።

«እውነትዎን ነው የኔታ» አለ፤ ጎማው እስኪቀየርም ምክራቸውን በደብተሩ ጻፈ።

ሦስቱን ሳምንት ሙሉ ሠራ። የነብሩን ጉልበት አንዲት ነጥብ አልቀነሰም፤ አመጣጡን ግን የሚታይ አደረገው። በባሕር ዳሩ ውድድር አንደኝነቱን ሌላ ሰው ወሰደው። ይሁን እንጂ ተጫዋች ያልራቀው የእሱ ጠረጴዛ ነበር። ለምን እንደ ወደቀ የተረዳ ሰው ተስፋ አይቆርጥም፤ መማሩን በራሱ ዓይን ያየም የባሰ የከበደውን ይደፍራል።

ሩቅያ የምትባል ተማሪ አራት ጊዜ ሞታ በአምስተኛው ነብሩን ጣለችው። አስቻለው ተራ ለሚጠብቁት እንድትለቅ ቢለምናት፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ መስኮት ሳትነቅል፣

«ቆይ ወንድሜ፤ ገና ወደ ቆላው አልወረድሁም» አለችው።