ከአበልጅ ጋር ያልተጻፈ ውል

ባለፈው ቅዳሜ ከማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩና ረዳቱ፣ አንድ ቄስ፣ ሦስት ነጋዴዎች፣ እኔና ሐኪም ቤት አሳይቻት ይዣት የምመለሰው ልጄ፣ ከፊታችን ደግሞ ሕፃን የታቀፈች ወጣትና አንዲት ባልቴት ነበርን። ሁለቱ ሴቶች አይተዋወቁም፤ ወሬውን የጀመሩት ባልቴቷ ናቸው።

«ፍራሽሽን አስጭነሽ ሳይ ሙሽራ መሰልሽኝ እኮ፣ ልጄ።»

«የምን ሙሽራ፣ እማማ! ከቤት ወጥቼ ነው። አከራዬ ኪራዩን እጥፍ አደረጉት፤ ካልከፈልሽ ልቀቂ አሉኝ።»

«ዝም ብሎ መጨመር በሕግ ተከልክሏል ይባላል። ቀበሌ አልሄድሽም?»

«ሄጄ ነበር። የኪራይ ውልሽን አምጪ አሉኝ።»

«ታዲያ ውሉስ?»

«የለኝም። ውል እንጻፍ ልላቸው ሳስብ ይህችን ልጅ ክርስትና አነሱልኝ። አበልጅን እንዴት ይፈርሙልኝ ይሏል?»

«እሱስ ያሳፍራል።»

«እኔ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን አላፈሩም።»

«የሚመሰክርልሽ ጎረቤትስ?»

«ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ የእሳቸው ተከራይ ነው፣ እማማ። ማን ደፍሮ ይመሰክራል?»

«አሁን ወዴት ልትገቢ ነው?»

«አማኑኤል የአክስቴ ልጅ አለች።»

«እንደምትመጪ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም። በስልክ እምቢ ማለት ይቀላታል ብዬ ፈራሁ።»



ሕፃን ታቅፋ አማኑኤል የወረደችውን ያቺን ልጅ የምታውቋት ካላችሁ፣ የአክስቷ ልጅ ተቀብላት እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።