ያለ ልጃቸው የሄዱ ዕለት

ከኦሮራ ወደ ዴንቨር በሚሄደው አውቶብስ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ካለችው ወጣት ጋር ያወራሉ።

«ከሐኪም አፖይንትመንት እየተመለሱ ነው፣ እማማ?»

«አዎ። ዛሬ ብቻዬን ሄድኩ።»

«ማን አስተረጎመልዎት?»

«በስልክ አስተርጓሚ አምጡልኝ አልኳቸው። እስከዛሬ የምታስተረጉምልኝ ልጄ ነበረች። ጨጓራ ነው ትለኝ ነበር።»

«አይደለም እንዴ?»

«ዕጢ ነው። ለእሷ ከነገሯት ወር አልፎታል።»

«ውይ። እርስዎ ታዲያ ምን አሉ?»

«ቢወጣ ምን እሆናለሁ፣ ባይወጣስ ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተሩ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ይውጣልኝ ብዬ ፈረምኩ።»

«ልጅዎን ሊቆጧት ነው?»

«ምን ብዬ? ፈርታ እኮ ነው። ቤት ስገባ እኔው አስረዳታለሁ።»

ሐኪም ቤት ለአባቴ ሳስተረጉም ሆን ብዬ የዘለልኩት ቃል ትዝ አለኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።