የሙዜ ኬሬቶ አጥርና የኙምቡ መንገድ

ከኪቴንጌላ ከተማ ትምህርት ቤት በእግሬ ስመለስ፣ ሽማግሌው ሙዜ ኬሬቶ የሽቦ አጥራቸውን ተደግፈው የሞተች ላማቸውን ሲያዩ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ስለ ዱር እንስሳት ተምራ የተመለሰችው የእህታቸው ልጅ ሬሶን ቆማለች።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ፤ ፍረድልን» አሉኝ። «ኙምቡ የወለደበትን ሳር የጋጠ ከብት እንደሚሞት የማያውቅ ማሳይ የለም። ያጠርኩትም ከከብቶቼ እንዳይደርስ ብዬ ነው። ይቺ ግን አጥሩን ያፍርሱት ትለኛለች!»

ኙምቡ በመንጋ የሚጓዝ የዱር ከብት ነው። ከተማው ወደ ሜዳው መስፋፋት ከጀመረ ወዲህ ይህን ክርክር መስማት ሰልችቶኛል። ቢሆንም ጥያቸው መሄድ ከበደኝ።

«አጎቴ፣ በሽታውን መች ካድኩ?» አለች ሬሶን። «ድሮ የት ነበር የሚወልዱት?»

«ማዶ ሜዳው ላይ ነዋ! በዚህ አልፈው ይሄዳሉ፤ እኛም ከብቶቻችንን ወዲህ እናሸሻለን።»

«ዘንድሮስ?»

ሙዜ ኬሬቶ በኮቴ የተረገጠውን ሳር በዱላቸው አሳዩ። «እዚሁ፣ አጥሬ ሥር።»

«በግራ ፎቅ፣ በቀኝ መጋዘን ነው። የቀረቻቸው መተላለፊያ የእርስዎ መሬት ነበረች። ሲዘጓት የት ይሂዱ?»

«ከተማው ሁሉ ሲያጥር የእኔ ሽቦ ብቻ ታየሽ?»

«ከተማው ላም የለውም፤ እርስዎ ግን አለዎት።»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። «ስተክለው ወገቤ ተቆረጠ። ልነቅለው ደግሞ ነው?» አሉና ጉጠት አስመጡ።

አብረን ሽቦውን መቁረጥ ጀመርን። እኔም ደክሞኝ እንኳ ማስተማር አልተውኩም፦ መንገዱ ክፍት ከሆነ መንጋው ሜዳው ላይ ይወልዳል፣ በሽታውም ከበረት ይርቃል። አንበሳም መንጋውን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ደጃፍ ላይ አያደባም። የአውሬን መንገድ መጠበቅ የራስን ከብት መጠበቅ ነው።

«ጎረቤታችን ሌምቶንጋም ለአጥር ምሰሶ አስወርዷል» አለች ሬሶን። «ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ።»

«አይሰማሽም። ስትጨቀጭቂኝ ከርመሽ እኔስ መች ሰማሁሽ?» አሉ ሙዜ ኬሬቶ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ላሟን ገና አትቅበሯት። መጀመሪያ እሱ መጥቶ ይያት።»